ከዙፋኑ በታች ያለው ወህኒ፦ ከአከርስሁስ ምሽግ እስከ ምኒልክ ግቢ

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላሉ አበው። ብሂሉ እውነት ነው። ሆኖም የሚነግረን ስለ ተወጊው ትዝታ እንጂ የወጋው ለምን እንደሚረሳ፣ እንዳይረሳስ የሚያደርገው ምን እንደሆነ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ይኸው ጥያቄ ሲሆን፣ ጥያቄውን የቀሰቀሰብን ደግሞ ከሀገራችን እጅግ ርቆ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የሚገኝ አንድ የነገሥታት ምሽግ ነው።

ስድስት ኢትዮጵያውያን ነበርን። ከመካከላችን በደርግ ዘመን የታሰረ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ብዕሩን ተቀምቶ የተሰደደ፣ ከዚያም ወዲህ “አሁንስ ነጋልን” ብሎ ሻንጣውን ካሰናዳ በኋላ መልሶ የፈታ አለ። የተቀጣጠርነው ቢየርቪካ ከኦፔራው ቤት ደጃፍ ነበር። አከርስሁስ የተባለውን ምሽግ ለእኛ ብቻ በተዘጋጀ ጉብኝት እንድናይ ሐሳቡን ያመጣው፣ ቀኑን ያስያዘውና ገንዘቡንም ብቻውን የከፈለው በቀድሞው ጦር ሠራዊት የመቶ አለቃ የነበረ ወዳጃችን ነው። “ጋሼ አብረውን ይምጡ እንጂ ወጪው የእኔ ነው” አለን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋችን በ1970 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ተይዘው በመጀመሪያ በአንድ ከፍተኛ እስር ቤት፣ ቀጥሎም በከርቸሌ በድምሩ አራት ዓመት የታሰሩ ሰው ናቸው። በኦስሎ ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ምሽጉን ከሩቅ እንጂ ከውስጥ አይተውት አያውቁም። “ግንብ ይበቃኛል” ይሉ ነበር። ከመቶ አለቃው ጋር በአንድ ማኅበር ሃያ ዓመት ጠበል ጠዲቅ ቀምሰዋል፤ ስለዚያ ዘመን ግን ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምተን አናውቅም።

አስጎብኚያችን በእድሜ ገፋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትናገር ኖርዌያዊት ናት። ጉዞውን ከምሽጉ በር ሳይሆን ከዚያው ከቢየርቪካ አስጀመረችን፤ ምክንያትም ነበራት። ዛሬ የመስታወት ሕንጻ የተደረደረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኦፔራና በ2021 የተከፈተው የሙንክ ሙዚየም የቆሙበት ይህ የባሕር ዳርቻ፣ የጥንቷ ኦስሎ ደጃፍ ነው። ከአዲሶቹ ሕንጻዎች ጥቂት እልፍ ሲሉ በሣር መካከል የተዘረጉ የድንጋይ መሠረቶች ይታያሉ፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያንና የነገሥታቱ ግቢ ፍራሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1299 የነገሡት ሆኮን አምስተኛ መንበራቸውን በዚህች ከተማ አጸኑ፤ በ1314 የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለቃ የመንግሥቱ ማኅተም ጠባቂ እንዲሆን ወሰኑ፤ በ1319 ሲሞቱም ከንግሥታቸው ከአውፌሚያ ጋር በዚያው ተቀበሩ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወደ ውኃው በሚገባው ዐለታማ አፍንጫ ላይ የአከርስሁስን ምሽግ ያስገነቡትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው።

ከተማዋ በእንጨት የተሠራች ነበረችና እ.ኤ.አ. በ1624 በእሳት ወደመች። በዘመኑ ኖርዌይን ይገዛ የነበረው የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ በአሮጌው ቦታ ዳግመኛ ቤት እንዳይሠራ ከለከለ፤ ሕዝቡንም ከምሽጉ ግርጌ አሰፈረና ከተማዋን በራሱ ስም ክርስቲያኒያ አላት። ኦስሎ የሚለው ጥንታዊ ስም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ስሟን ሦስት መቶ ዓመት ተነጥቃ የቆየች ከተማ ማለት ናት። ከአሮጌው መሠረት ወደ ምሽጉ ስንሻገር የተጓዝነው እንግዲህ ከተማዋ ራሷ የተሻገረችውን መንገድ ነው።

አከርስሁስ ገና ግንባታው ሳይጠና እ.ኤ.አ. በ1308 በአንድ የስዊድን መስፍን ተከቦ ነበር፤ አልተያዘም። በ1716 የስዊድኑ ንጉሥ ካርል አሥራ ሁለተኛ ከተማዋን ይዞ ምሽጉን ከበበ፤ እርሱም ሳይሳካለት ተመለሰ። ምሽጉ በከበባ ተሰብሮ አያውቅም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1940 የናዚ ጀርመን ጦር ከተማዋን ሲይዝ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ተረከበው። አስጎብኚያችን ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። እኛ ግን ልብ አልን፤ የሀገር ምሽግ አንዳንድ ጊዜ የሚወድቀው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነውና።

ሁለት ስደተኛ ነገሥታት

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያሉትን አዳራሾች፣ የጸሎት ቤቱንም ካየን በኋላ ወደ ነገሥታቱ መቃብር ወረድን። እ.ኤ.አ. በ1948 በተጠናቀቀው በዚህ ክፍል ሆኮን ሰባተኛና ንግሥት ሞድ በነጭ የድንጋይ ሣጥን፣ ልጃቸው ኡላቭ አምስተኛና ባለቤታቸው ልዕልት ማርታ በአረንጓዴ የድንጋይ ሣጥን አርፈዋል። የጥንቶቹ የሆኮን አምስተኛና የአውፌሚያ አጽምም ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ተነሥቶ እዚህ ተቀምጧል።

ሆኮን ሰባተኛ የዴንማርክ ልዑል ነበሩ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስዊድን ስትለይ በሕዝበ ውሳኔ ነገሡ። በሚያዝያ 1940 ወራሪዎቹ ጀርመኖች ክቪዝሊንግ የተባለውን ኖርዌያዊ ባንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ሲጠይቋቸው፣ ለሚኒስትሮቻቸው “እናንተ ብትቀበሉት እኔ ዙፋኑን እለቃለሁ” የሚል ቃል አስታወቁ፤ ሚኒስትሮቹም አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1940 ሀገራቸውን ለቅቀው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ ከስደት የተመለሱትም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን፣ ሰኔ 7 ቀን 1945 ነው።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። የእኛም ንጉሠ ነገሥት ከእርሳቸው አራት ዓመት ቀድመው በዚያችው በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ገባች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኖርዌይን በጎበኙ ጊዜም ሆኮን ሰባተኛ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ የቀድሞ ስደተኞች በክብር ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ሆኮን እ.ኤ.አ. በ1957 አርፈው በዚህ ነጭ ሣጥን ውስጥ ናቸው። የእኛው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው፣ በምኒልክ ግቢ ታስረው፣ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስ እንደዘረዘረው ታንቀው ተገድለው ነው። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ከዚያው ግቢ ከወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪያርፍ ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱን የሚወድም የሚጠላም በመካከላችን አለ። የሀገር መሪ ሬሳ ተደብቆ ሃያ አምስት ዓመት ያለ መቃብር መቆየቱ ግን የወዳጅና የጠላት ጉዳይ አይደለም፤ የሀገር ነው።

ከአዳራሹ ሥር

ከመቃብሩ ወጥተን ወደ እስር ቤቶቹ አመራን። አከርስሁስ ቤተ መንግሥት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ለዘመናት ወህኒም ነበር። እስረኞቹ በሕዝቡ ዘንድ “ባሮች” ይባሉ ነበር፤ በእግር ብረት ሆነው በከተማውና በምሽጉ ሥራ ይሠሩ ነበርና። ዬስት ቦርድሰን የተባለ በተደጋጋሚ ያመለጠ ሌባ እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1845 እዚህ ታስሮ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ፤ ከተፈታም በኋላ መጽሐፎቹን እየዞረ ሸጠ። የሌባው ቃል ታትሞ ቀረ። እኛ በዚህ ጊዜ ያስታወስነው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድን ነው። እርሳቸውም በእስር ላይ ሆነው ማስታወሻ ጽፈዋል። “የአክሊሉ ማስታወሻ” በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ግን ጸሐፊው ከተረሸኑ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ጋሼ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቆሙ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉና “ይህ ደረቅ ነው፤ የእኛ እርጥብ ነበር” አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቀጥሎ ያየነው የመረሸኛውን ቦታ ነው። በናዚ ወረራ ዘመን በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት ኖርዌያውያን አርበኞች በዚህ ምሽግ ውስጥ ተረሽነዋል፤ በቦታው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ አጠገቡም እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው የአርበኞች ሙዚየም አለ። ጀርመን ድል ስትሆን እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1945 ምሽጉን ከጀርመኑ አዛዥ የተረከበው ተርዬ ሮለም የተባለ የሃያ ዘጠኝ ዓመት የምሥጢር ጦር አባል ነበር። ፎቶግራፉ ዛሬም ይታያል፤ ወታደራዊ ልብስ የሌለው፣ በስፖርት ሱሪ የቆመ ወጣት፣ ሙሉ ማዕረግ የለበሰ መኮንን ሰላምታ ሲሰጠው። አርበኞቻችንን በሥዕልም በትዝታም የምናውቅ ሰዎች ይህን ፎቶግራፍ ለመረዳት አስተርጓሚ አላሻንም።

ስሙ በብዙ ቋንቋ የከሃዲ ስም ሆኖ የቀረው ቪድኩን ክቪዝሊንግም በዚሁ ምሽግ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1945 በጥይት ተቀጣ። የተቀጣው ግን በነሐሴ ተጀምሮ በመስከረም ፍርድ በተሰጠበት ግልጽ ችሎት፣ ጠበቃ ቆሞለት፣ ይግባኙም ታይቶ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኖርዌይ ከዘጠና ሺህ በላይ የክህደት ጉዳዮች ተመረመሩ፤ በሞት የተቀጡት 25 ኖርዌያውያንና 12 ጀርመኖች ናቸው። ይህም ቢሆን ክርክር አልጠፋበትም። በሰላም ጊዜ ሕግ የሞት ቅጣት ቀርቶ ሳለ፣ በለንደን የነበረው ስደተኛ መንግሥት በአዋጅ መመለሱ ተገቢ ነበርን? እያሉ የኖርዌይ የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ። አስጎብኚያችን ይህንንም አልደበቀችንም።

የእኛን ስናስታውስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ አንዳች ፍርድ ተገደሉ። አብዛኞቹ ከምኒልክ ግቢ ምድር ቤት ተጭነው ወደ ከርቸሌ ተወስደው ነው። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ዋናው ተከሳሽ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከግንቦት 1983 ዓ.ም. ጀምሮ በዚምባብዌ ስለተቀመጡ በሌሉበት ተፈረደባቸው።

“ፖሊሶቻችን”

ጉብኝቱ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ፈረንጅ አርበኛውን አከበረ፣ ባንዳውን ቀጣ፤ እኛ አልቻልንም ብለን እያዘንን ወደየቤታችን በተመለስን ነበር። አስጎብኚያችን ግን ከምሽጉ ግንብ አውጥታ ወደ ወደቡ ዳርቻ አወረደችን። በሣሩ ላይ ስምንት የብረት ወንበሮች ወደ ባሕሩ ዞረው ተተክለዋል። ቀርበን ስናያቸው መቀመጫ የላቸውም። እንግሊዛዊው ቀራጺ አንተኒ ጎርምሊ የሠራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመረቁ መታሰቢያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1942 ከዚህ ወደብ “ዶናው” የተባለች መርከብ ከ520 በላይ አይሁዶችን ጭና ሄደች፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች። አብዛኞቹ አውሽቪትስ በደረሱበት ዕለት በጋዝ ተገደሉ። በጦርነቱ ዘመን ከኖርዌይ የተጋዙት አይሁዶች በጠቅላላው ከ770 በላይ ሲሆኑ በሕይወት የተመለሱት አርባ አይሞሉም። አስጎብኚያችን ቁጥሩን ከነገረችን በኋላ እንዲህ አለች፦ “በዚያ ሌሊት ከየቤታቸው ያወጧቸው ጀርመኖች አይደሉም። ፖሊሶቻችን ናቸው። የተጫኑትም በኦስሎ ታክሲዎች ነው። ዘመቻውን የመራው የፖሊስ ሹም ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ ነጻ ወጣ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።” የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በመንግሥታቸው ስም ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ነው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል።

“ፖሊሶቻችን” ብላ ነው የተናገረችው። “የዚያን ጊዜው አገዛዝ” አላለችም፤ “አንዳንድ ግለሰቦች” አላለችም፤ “የጠላት ተላላኪዎች” አላለችም። በትውልድ ከዚያ ሌሊት በኋላ የመጣች ሴት ናት፤ ነገር ግን ክብሩን የእኛ ካለች ነውሩንም የእኛ ማለት እንዳለባት ገብቷታል። አከርስሁስ የታላቅነቱ ምሥጢር በድንጋዩ ውስጥ አይደለም። ንጉሡ፣ እስረኛው፣ አርበኛው፣ ባንዳውና መቀመጫ የሌለው ወንበር በአንድ ጉብኝት፣ በአንድ አንደበት ስለሚነገሩ ነው። ይህም ቢሆን በፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ የጠየቁ፣ የጻፉና ዝም ያላሉ ሰዎች ስለነበሩ እንጂ።

የእኛ አምባዎች

እኛም ምሽግ አላጣንም። የነገሥታቱ ዘር ይጠበቅባቸው የነበሩት አምባ ግሼንና አምባ ወህኒ የዙፋንና የእስር ጉርብትና በሀገራችን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ይመሰክራሉ፤ እስር ቤት ለማለት የምንጠቀምበት ቃል እንኳ ከዚያ አምባ ስም ጋር አንድ ነው። “ከርቸሌ” ደግሞ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። የገዛ ነገሥታቶቻችንም ወራሪዎቻችንም ለእስር ቤት ስም አውርሰውናል።

መቅደላን እናንሣ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸውን ሕፃን ሳለን ተምረናል፤ እንኮራበታለንም። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ ማቃጠሉን፣ ልዑል ዓለማየሁንም ወስዶ በባዕድ ሀገር መቅረቱን እናስታውሳለን፤ ልናስታውስም ይገባል። ሆኖም መቅደላ ወህኒም ነበረች። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ከእርሷ ነው፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በእስር እንዳሉ ያረፉት በእርሷ ላይ ነው። ከአሮጌ ውጊያ ዋዜማ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ከገደል ተወርውረዋል። እነዚያን እስረኞች ስማቸውን የሚጠራ ማን ነው? ይህን ማንሣት የቴዎድሮስን ክብር መቀነስ የሚመስለው ወገን እንዳለ እናውቃለን። ለእርሱ የምንመልሰው፣ የቴዎድሮስ ታላቅነት እውነቱን መሸከም የሚችል ነው የሚል ነው፤ የማይችለው የእኛ ድክመት ነው።

የምኒልክ ግቢ ለብዙ ትውልድ ለሕዝብ የተዘጋ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ በከፊል ሲከፈት፣ ዙፋን ቤቱና ከሥሩ ያለው፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያጎረበት ምድር ቤት ለጎብኚ ታየ። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ተቃዋሚ ነን ብለን በጎውን አንክድም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም እንዲሁ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ኢሕአዴግ የደርግን ጉድጓድ ቆፈረ፣ ችሎት አቆመ፣ ሙዚየሙም በዘመኑ ተከፈተ፤ በዚያው ዘመን ማዕከላዊ ሥራ ላይ ነበር። ከኢሕአዴግ ወዲያ የመጣው መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የተዘጋውን ማዕከላዊን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለሕዝብ አስጎበኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋዜጠኞችና የምክር ቤት አባላት በአዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ታሰሩ። እያንዳንዱ መንግሥት የቀደመውን ምድር ቤት ይከፍታል፤ የራሱን ይቆልፋል። “ፖሊሶቻችን” ብሎ የተናገረ አንድም የለም። ሁልጊዜ “ፖሊሶቻቸው” ነው።

ከምሽጉ ግንብ ላይ ሆነን የኦስሎን የከተማ አዳራሽ አይተነው ነበር፤ እዚያው ሥር ነው። ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉት በዚያ አዳራሽ ነው። ከእኛ መካከል ባንዲራ ይዞ በደስታ የወጣም ነበር፤ ዛሬ እንደ ነውር አይቆጠርበትም። ዓመት ሳይሞላው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ እስኪፈረም ድረስ ስንት ሰው እንዳለቀ አንባቢ ያውቀዋል። ሽልማቱን ያየ አዳራሽና መቀመጫ የሌለው ወንበር በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢራራቁ ነው።

“ዓለም በቃኝ” የሚባለው የከርቸሌ ክፍልስ? በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጊዜ ፋሺስቶች ሕዝባችንን አጎሩበት፤ በየዘመኑም ሌሎች አጎሩበት። ሕንጻው ፈርሶ በቦታው እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። ጋሼ ይህን በተመለከተ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ “ልጆቼን ወስጄ ‘እዚህ ነበርኩ’ የምልበት ግድግዳ አጣሁ።” ግንብ የማይወዱት ሰው የናፈቃቸው አንድ ግድግዳ ቢኖር ይኸው ነው።

እኛስ?

ጣታችንን ወደ አራት ኪሎ ብቻ ቀስረን ብንጨርስ የነቀፍነውን ደገምነው ማለት ነው። ስደተኛውም በየድርጅቱ የየራሱን ሰማዕታት ብቻ የሚያወሳ ትንሽ ሙዚየም ይዞ ይኖራል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ የተገደሉት በደርግ ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ኢሕአፓም ገድሏል። መኢሶን ከደርግ ጋር ሆኖ በጠላቶቹ ላይ ተባብሯል፤ ቆይቶም እርሱ ራሱ ተበላ። በየመጽሐፉ ግን “ተገደልን” የሚለውን እንጂ “ገደልን” የሚለውን ማግኘት ብርቅ ነው። ጋዜጠኞች የነበርን እኛም ብንሆን በስሜት የጻፍነው፣ ሳናጣራ ያተምነው፣ በአንዱ ወገን ላይ የዘጋነው ዓምድ የለም አንልም። አለ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ አስጎብኚያችንን አመስግነን በባሕሩ ዳር ወደ ቢየርቪካ ተመለስን። መሽቷል፤ ነፋሱም በርትቷል። ኦፔራው አጠገብ ስንደርስ የመቶ አለቃው ከጋሼ ጎን ሆኖ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስላል፣ ድምፁን ሳይቀንስ እንዲህ አለ።

“ጋሼ፣ እኔ ጦር ሠራዊት ከመግባቴ በፊት አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። በ1970። የከፍተኛ እስር ቤት ዘብ ነበርኩ።”

ጋሼ መራመዳቸውን አላቆሙም። “የትኛው ከፍተኛ?” አሉ።

ነገራቸው።

ጥቂት ዝም አሉና “የእኔ አይደለም” አሉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ “የሌላ ሰው ነው። እርሱንም ፈልገን እንነግረዋለን” አሉት።

ትራሙ መጣ። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማንም፤ ወሬው ግን እኛ እስክንወርድ ድረስ አላለቀም። የወጋ ይረሳል የተባለው እንግዲህ ሁልጊዜ አይሠራም። የወጋም የሚያስታውስበት ቀን አለ፤ የሚናገርበትን ስፍራ ካገኘ። ለሀገራችን ያን ስፍራ የሚሠራላት ማንኛውም መንግሥት ምስጋናችንን ያገኛል፤ የገዛ ምድር ቤቱን ከከፈተልን።